ከውድድሩ ሳህን ላይ የተበላው እሸት

ለምሳሳልሽ ታናሽ እህቴ ለብርቄ፣

እንደምን ከረምሽ? ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮም ወገብሽን ይዞ አላስነሳ አለሽ ወይስ ማረሽ? ጆሮሽስ? ስልክ አልሰማ ካለሽ ወዲህ ድምፅሽ ይናፍቀኛል፤ ቢሆንም ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደጋግሜ ስለማነበው ይክሰኛል። የልጅሽ የእሌኒ ሳል ለቀቃት? ባሏ ተስፋዬስ ሥራው ተቃናለት? ላሟ ወለደች? ጣራው የሐምሌን ዝናብ ቻለው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ልጄ ሳምሶን አውቶቡሱን ይነዳል፤ ሚስቱ ማኅደር ሆስፒታል ትውላለች፤ የልጅ ልጄ ፍቅር ከተማሪ ቤት ትመላለሳለች። ፍቅርን ስጠራት «አቤት» ማለት ቀርቶ «ያ» ትለኛለች። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር፤ ለካ እዚህ ኦስሎ አዎንም አቤትንም በዚያችው ይወጡታል።

ዛሬ የምነግርሽ ብዙ ነው። ከፊሉ ያስቅሻል፣ ከፊሉ ያስከፋሽ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፍረጂብኝ።

ስመጣ ለአሹቅ ብለሽ በነጭ ጨርቅ የቋጠርሽልኝን ባቄላ አትረሺውም። ግማሹን በላሁት፤ ግማሹን ጥርሴ ስለፈራው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዘንድሮ በረዶው ሟሙቶ መሬቱ ሲታይ፣ ማኅደር አንድ ቀን ከሥራ መጥታ «እማማ፣ ከሕንጻው ጀርባ ለነዋሪው የአትክልት ሳጥን ይታደላል፤ በስምዎ አስመዝግቤያለሁ» አለችኝ። ገረመኝ። እኔና እሷ አንጣላም፤ ግን አንጫወትም ነበር። «እማማ ይብሉ»፣ «እማማ ይረፉ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። ለፋሲካ ሳምሶንን «መስከረም ሲጠባ አገሬ ልግባ» ስለው እሱ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ግን ተነሥታ ሳህኑን ሰበሰበች። ደስ ብሏታል ማለት ነው ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

ቢሆንም ሳጥኑን ወደድኩት። ሰባተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት ጉንዳን የሚያህል ሰው ሲያልፍ እያዩ ከመዋል ይሻላል። አፈሩን ማኅደር ገዝታ አመጣች። አፈር በከረጢት ይሸጣል ብልሽ ታምኚኛለሽ? የአንቺን ባቄላ ዘራሁት። እዚህ በበጋ ፀሐይ ትጠልቃለች ለማለት ያህል ነው የምትጠልቀው፤ ባቄላውም እንደ ሰዉ እንቅልፍ ረስቶ ሽቅብ ተመዘዘ። አበባ ሲያወጣ፣ ያ ነጩ ባለ ጥቁር ዓይኑ፣ አጠገቡ ቆሜ ከሽታው ጋር እኛ ማሳ ዳር ደርሼ ተመለስኩ።

ከእኔ ሳጥን ቀጥሎ ኦድቫር የሚባል ሽማግሌ አለ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ኖርዌጅኛ አላውቅ፤ በእጅና በቅንድብ እንጨዋወታለን። እሱም ባቄላ ነው የሚዘራው። ለማኅደር እንደነገራት፣ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ የሰፈራችን የሃውገሩድ አትክልተኞች አበባቸውን፣ ፍሬያቸውንና አትክልታቸውን ተማሪ ቤቱ ግቢ አቅርበው ይወዳደራሉ፤ በባቄላ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ እሱ ነው። «እሳቸውም ይግቡ፤ ብቻዬን መሮጥ ሰልችቶኛል» አለ አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። ባቄላ ይበሉታል እንጂ ምን ውድድር አለው? እሷ ግን ሄዳ አስመዘገበችኝ።

በሐምሌ ጉድ መጣ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቁር ተባይ በአንድ ሳምንት ውስጥ አገዳውን ከጫፍ እስከ ሥር አለበሰው። ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ማኅደር ከሥራዋ በቀጥታ መጣችና ሁኔታዬን አይታ ቦርሳዋን ጣለች። በባልዲ የሳሙና ውሃ አምጥታ አገዳ በአገዳ እያየን በጨርቅ ጠረግነው። አጎንብሰን ስንሠራ ነው መናገር የጀመረችው። እናቷ ጎንደር የሞቱት እሷ እዚህ የመኖሪያ ወረቀቷን ስትጠብቅ ነው፤ አልቀበረቻቸውም። ፍቅርን ስትወልድ ከሳምሶን በቀር ሰው አልነበራትም። «ሆስፒታሉ ዳቦ በቡናማ አይብ አመጣልኝ። ተርቤ ስለነበር በላሁት፤ ግን እማማ፣ ገንፎ በሕልሜ አይቼ አለቀስኩ» ብላ ሳቀች። እኔም የያዝኩትን አገዳ እየጠረግሁ ወደ እሷ ተጠጋሁ።

ከዚያ በኋላ ቀረበችኝ ስል መልሳ ሸሸችኝ። ሽንኩርት ስጥድ መስኮት ትከፍታለች። ወጥ ሳወጣ በረንዳ ትወጣለች። ለሳምሶን «ሚስትህ እጄን ተጸየፈችው» ብለው ፊቱ ልውጥውጥ አለና «ኧረ እማዬ፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ብሎ ውልቅ አለ። እንግዲያው መሄዴ ደግ ነው አልኩ። ሻንጣዬንም ከአልጋ ሥር አወጣሁት።

ውድድሩ የዋለው ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ቅዳሜ ነው። ብርቄ፣ ብታዪው! ረጃጅም ጠረጴዛ ነጭ ወረቀት ለብሶ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል አበባ ተደርድሮበት፣ ካሮቱ እንደ ሙሽራ ታጥቦ፣ ዱባው ለብቻው ወንበር ተሰጥቶት። ደንቡ አሥር እሸት በሳህን፣ ቁመታቸው የተቀራረበ፣ ነው። ጠዋት ከማኅደር ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሥሩን ስንመርጥ አንዱን አንሥተን አንዱን ስንጥል ረፍዶብን ነበር። ሄጄ ሳህኔን ከኦድቫር አጠገብ ሳስቀምጥ ግን አፈርኩ። የእሱ የጎራዴ ሰገባ ያህላል፤ የእኔ ጣት ነው። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አደረግሁ።

«የእርስዎ ነው የሚያምረው» አለች ማኅደር። ዞሬ ሳያት ዓይኗ ሳህኑ ላይ ተተክሏል። ምራቋን ዋጠች። ጣቷን ሰደድ አድርጋ አንዱን እሸት ነካ አደረገችና እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበችው። ከከንፈሯ በላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያን ጊዜ መስኮቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በረንዳው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣልኝ። አራት ወልጄ፣ ስንቷን አርሼ፣ ዓይኔን ምን ሞራ ጋርዶት ነበር?

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

ክው አለች። «ሦስተኛዬን ይዣለሁ። ማን ነገረዎት?»

«ምራቅሽ ነገረኝ» አልኩና ሳህኑን አነሣሁት።

«ኧረ እማማ! የውድድሩ እኮ ነው! ዳኞቹ ካሮቱ ጋ ደርሰዋል!» ብላ እጄን ያዘች። ያረገዘች ሴት ያማራትን ከፊቷ ማሸሽ ምን ያለ ነውር እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። «አንቺን እያማረሽ ለዳኛ ላስቀምጥ? ዳኛ አላረገዘ!» ብዬ የመጀመሪያውን በጥፍሬ ሰንጥቄ ፍሬውን አጎረስኳት። አንደኛውን አፏን በእጇ ሸፍና በላች። ሁለተኛውን ዙሪያዋን አይታ በላች። ከሦስተኛው በኋላ እኔን መጠበቅም ተወች፤ እየሰነጠቀች ቀጠለች። እኔ ገለባውን ስቀበል ነበር።

ዳኞቹ ሲደርሱ፣ አንዲት መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትና አንድ ጺማም ሰውዬ፣ ሳህኑ ላይ የቀረው አንድ እሸትና የገለባ ክምር ነው። ሴትዮዋ ገለባውን አየች፣ እኔን አየች፣ የማኅደርን ጉንጭ አየች። ማኅደር አፏ ሞልቶ መናገር አልቻለችም፤ ዋጥ አድርጋ ልትናገር ስትል ሳቅ ቀደማት፤ ሳቁ ደግሞ ወደ ልቅሶ ዞረ። በዚያ መካከል አንድ ነገር አለች። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ኦ!» አለችና ክንዷን ዳበሰቻት። በኋላ ማኅደር እንደነገረችኝ «እርጉዝ ነኝ፤ አማቴ ናቸው ያጎረሱኝ» ነው ያለችው። ለጓደኛ፣ ለአለቃ ያልነገረችውን መጀመሪያ የሰማው የባቄላ ዳኛ ሆነ! ደንብ ግን ደንብ ነው። ካርዱ ላይ ጽፈው ሄዱ። «ምን ይላል?» ብላት፣ እንባዋን እየጠረገች «መመዘን አልተቻለም፤ ተበልቷል» ብላ አነበበችልኝ።

አንደኛ የወጣው እንደ ልማዱ ኦድቫር ነው። ነገሩን ከማኅደር ሰማ። ከዚያ የራሱን ሳህን፣ ያሸለመውን፣ አንሥቶ ፊቷ አኖረላት። እጅ ነሣሁት። እኔም አንዱን ቀመስኩ፤ ትልቅነቱን አልክድም፤ እንደ እኛው ግን አይጣፍጥም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

ሳምሶን ፈረቃውን ጨርሶ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። «እማዬ፣ ስንተኛ ወጣሽ?» ሲለኝ «ሚስትህን ጠይቃት፤ እሸቱ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው» አልኩት። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ሳሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ለካ አስምላው ነበር። ከፍቅር በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ወርዶባታል፤ ሦስተኛውን ለሰው ተናግሮ መልሶ ማፍረስን ፈራች።

እቤት ገብተን ፍቅር ከተኛች በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ለፋሲካ እሄዳለሁ ሲሉ ሳህኑን ይዤ ወጥ ቤት የገባሁት እንዳያዩኝ ብዬ ነው» አለችኝ። «አሁንም ይቅሩ አልልዎትም። እህትዎ እየጠበቁዎት ነው። ሆዴን አይተው በግድ እንዳይቀሩ ብዬ ነው የደበቅሁት።» እኔም «እኔን በግድ የሚያስቀር ሰው ገና አልተወለደም» አልኳት። እሷም «እሱማ ገና ነው» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እንግዲህ ብርቄ፣ እጄ የከበደው እዚህ ላይ ነው። ለመስከረም አልመጣም። ክፍሌን በኖራ እንዳስለቀለቅሽልኝ፣ ለእንቁጣጣሽ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንስማለን ብለሽ ለጎረቤቱ ሁሉ እንደነገርሽ እሌኒ ጽፋልኛለች። አንቺም ብቻሽን እያረጀሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እናት የሌላት ልጅ ሦስተኛ ሥጋቷን ተሸክማ እያየሁ አውሮፕላን ብሳፈር፣ አንቺስ በሩን ከፍተሽ ምን ብለሽ ትቀበይኛለሽ? የካቲት ላይ ትወልዳለች። አርሻት፣ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ፣ እሷ በእግሯ ስትቆም እመጣለሁ። ቀን ግን አልቆርጥልሽም፤ የቆረጥኩት ቀን ይኸው አልሆነም።

ክፍሉን ባዶ አታስቀምጪው። ሰው ያልኖረበት ቤት ቶሎ ያረጃልና እሌኒና ተስፋዬ ይግቡበት፤ ስመጣ እንጣበባለን። ለጥር የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት ላኪልኝ፤ እዚህ ያለው ገብስ አይያያዝም። ለኪዳነ ምሕረትም ጧፍ አብሪላት። የማኅደር የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፤ ስትጸልዪ እንዳትስቺው።

እሌኒን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ፤ ሻል ለብሳ ትውጣ በያት። ተስፋዬን እንደ ልጄ እንደማየው ንገሪልኝ። ልጃቸው ማሙሽ ጥርሱ ስንት ደረሰ? ግንባሩን ሳሚልኝ። የንስሐ አባታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አስበው ይጸልዩልን። ከግድግዳ ማዶ ያለችውን ጎረቤትሽንም ሰላም በያት፤ አንቺን ብቻሽን እንዳትተውሽ አደራዬ ነው። ሳምሶንና ማኅደር እጅ ይነሱሻል፤ ፍቅርም «አያቴ» ማለት ስለጠፋት በአየር ስማሻለች።

አንቺ ደግሞ እንዳኮረፍሽ አውቃለሁ። ልጆች ሳለን ስታኮርፊ ሦስት ቀን ነበር የምትዘጊኝ፤ አሁን ግን ሁለታችንም ለሦስት ቀን ዝምታ የሚተርፍ ዕድሜ የለንም። ምርቃት ከሌለሽ ኩርፊያሽንም ቢሆን ጻፊልኝ።

እህትሽ ፀሐይ

ኦስሎ፣ ሃውገሩድ
ነሐሴ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.