ያልተጣበቀው ድርሻ

ጥቅምት 4
የረባ ነገር የለም። መድኃኒት ሳድል ዋልኩ። ከሥራ በኋላ አክስቴ ጋ ጎራ አልኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ኩላሊቷ ከታመመ ወዲህ እግሯ ያብጣል፣ ምግብም አስጠልቷታል። የሚጥል በሽታ ኪኒኗን ግን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደለችም። ዛሬ ከወንበር ስትነሳ ተንገዳገደች።
"ሰው ጠጥታለች ይለኛል እኮ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ጥቅምት 9
ምላሷ ይተሳሰር ጀመር። ዓይኖቿም ይርገበገባሉ። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል አስተኛኋት።

ጥቅምት 10
የደም ምርመራው ደረሰ። ደሟ ውስጥ ያለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሚፈለገው በታች ነው።
"አንሷታል" አለ ሐኪሙ። "ከነገ ጀምሮ እንጨምርላት፤ አለዚያ ይጥላታል።"
ወደ መድኃኒት ክፍል ተመለስኩ። ግን ያነሰው ሰው እንዴት ይንገዳገዳል? ይሄ እኮ የበዛበት ሰው ምልክት ነው...

ጥቅምት 11
ጠዋት ካርዷን አገላበጥኩ። የደሟ ፕሮቲን በጣም ወርዷል፤ ኩላሊቷ በሽንት እያፈሰሰው። አሃ... ይሄ መድኃኒት ደም ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። የተጣበቀው ከደም አይወጣም። አንጎል ድረስ ዘልቆ የሚሠራው ያልተጣበቀው ጥቂቱ ነው። ፕሮቲን ሲያንስ ያ ድርሻ ይበዛል። ምርመራው ደግሞ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚለካው። ድምሩ ትንሽ፣ አንጎሏ የሚደርሰው ብዙ።
ለሐኪሙ ማን ይንገረው? አምና ስለ ሌላ በሽተኛ ተናግሬ "አንቺ መድኃኒትሽን ስጪ" ተብያለሁ። በሰው ፊት። ዛሬ ግን አክስቴ ናት። ባትሆንስ ኖሮ... ዝም እል ነበር?
ሄድኩ። ውጤቱን አሳየሁት፤ ወረቀት ላይ አሰላሁለት። ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተለና፦
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ያልተጣበቀውን ብቻ የሚለካ ምርመራ አለ። እሱ እስኪደርስ አይጨመርባት።"
"እሺ። የዛሬውን ኪኒንም እናቆየው።"

ጥቅምት 13
ውጤቱ መጣ። ያልተጣበቀው ከሚገባው እጥፍ። መጠኑ ተቀነሰላት።

ጥቅምት 16
ንግግሯ ጠራ።
"ሃያ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ምን በደልኩት?" አለች፣ ኪኒኑን ማለቷ ነው።
"እሱ ያው ነው። ሰውነትሽ ነው የተለወጠው።"
"እሱንማ መስታወትም ነግሮኛል።"

ጥቅምት 21
ሐኪሙ ራሱ መድኃኒት ክፍል ድረስ መጣ። የአንድ ሽማግሌ ካርድ ይዞ።
"የኚህም ፕሮቲን ወርዷል። እስቲ እይልኝ።"
አየሁለት።
አክስቴ ከሰዓት ከሆስፒታል ወጣች። ደረጃው ጋ ክንዷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።
"ተይኝ፣ ልጄ።"
አንድ በአንድ ወረደች። እኔ ከኋላ፣ እጄን ሳልሰበስብ።