ክሊፎርድ የሚጫወትበት ሜዳ

ለወንድሜ ለክሊፎርድ፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። ባሌን ሩፈስን ጎልፍ አስለምደኸው ዲትሮይት ገባህ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? እኛ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ጽሑፌን ታገሠው።

ለእረፍት ወደ ደሴታችን ስትመጣ፣ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት የጎልፍ ሜዳዎች የትኛው እንደሚሻል ጠይቀኸኛል። ባሕሩ ዳር ያለው ያምራል፤ ግን ረግረጉ አዞ አለበት፣ ሩፈስ ደግሞ ኳሱን ተከትሎ ዝም ብሎ ይገባል። ጥድ ጫካው ውስጥ ያለው መንገዱ ይጠላለፋል፣ እሱ ደግሞ ዘንድሮ መርሳት አብዝቷል። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ትንሹን ምረጥ፤ በረንዳዬ ላይ ባሚያ እየከተፍኩ አያችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሩፈስ እዚያው ሜዳ ብቻውን ሄዶ፣ ኳሱን አስቀምጦ ቆሞ ቀረ። ከኋላው ተራ የሚጠብቁት "አባባ፣ ይምቱ እንጂ! መሸብን እኮ!" አሉት።

"ያለፈውን ጉድጓድ ያሸነፈው ክሊፎርድ ነው። በሕጉ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው" አላቸው።

ከበረንዳዬ ሮጬ ደርሼ "አንተ ሰው፣ ክሊፎርድ ከሄደ ስንት ዘመኑ!" አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ሳይሰናበተኝ?" አለኝ።

በል ቶሎ ና፤ መንገዱን ጌታ ያቅናልህ። እስክትደርስ "ጫማውን እያሰረ ነው፣ ጠብቀው" እለዋለሁ እንጂ፣ ከእንግዲህ ክሊፎርድ የለም አልለውም።

እህትህ ኦዴሳ