በድንች ጥብስ ልወፍር ያሰብኩበት ሁዳዴ

የካቲት 8 ቀን 1955
ቢሮ ዋልኩ። ፋይል፣ ማኅተም፣ ፋይል። ስመለስ ሽማግሌዎቼ ከእንጦጦ ወርደው ጠበቁኝ። ጋሽ ኢዶሳ ልጃቸውን አልከለከሉኝም። ግን... "ልጁ ቀጭን ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። የፋሲካ ማግስት በእንጨት ሚዛኔ እመዝነዋለሁ። ስድሳ ኪሎ ከሞላ ኢፍቱን ይውሰድ" አሉ። እንጨት ነጋዴ ናቸው፤ ከሚዛናቸው ሌላ የሚያምኑት የለም። እኔ ሃምሳ አራት ነኝ። ሰው እንደ ባሕር ዛፍ ይመዘናል እንዴ?

የካቲት 11
ሁዳዴ ገባ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። በጾም ማን ይወፍራል? የጤና ጣቢያውን ድሬሰር፣ ቁስል አካሚውን አካሉን ጠየቅኩት።
"ድንች በስሱ ቁረጥና በኑግ ዘይት ጥበስ። ውሃው ይወጣል፣ ዘይቱ ይገባል። ጡንቻ ባይሆንህም ስብ ይሆንሃል። ጨው ብቻ እንዳታበዛ።"
እሰይ!

የካቲት 14
ጠበስኩ። ከሰል ሆነ። ኢፍቱን ገበያ አግኝቼ ብነግራት በሳቅ ሞተች። "እኔ እጠብስልሃለሁ፤ ከቢሮ ስትወጣ እየመጣህ ብላ።"

የካቲት 28
በየቀኑ ከየካ እንጦጦ። በእግር። ዳገቱ ነፍስ ያወጣል። ስደርስ ሳህኑ ተጋምሷል። ጋሽ ኢዶሳ አፋቸውን ሞልተው "እንዳይጎዳህ ልቅመሰው ብዬ ነው" ይሉኛል። ምን ልበል? አማት ናቸው።

መጋቢት 20
ቀበቶዬን አዲስ ቀዳዳ በሳሁት... ወደ ውስጥ! አካሉ መዘነኝ። ሃምሳ ሁለት።
"የበላኸውን ዳገቱ ይበላዋል" አለኝ። "አትውጣ።"
ኢፍቱን ሳላያት ልዋል? አላደርገውም።

ሚያዝያ 6
ፋሲካ። ዶሮ ጠገብኩ። በአንድ ቀን ስምንት ኪሎ ከየት ይመጣል? ኪሴ ድንጋይ ልክተት ይሆን?... በትንሣኤ ቀን! ተውኩት።

ሚያዝያ 7
ተመዘንኩ። ሃምሳ አንድ። ኢፍቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?
ጋሽ ኢዶሳ "ሚዛኑ ተበላሽቷል!" ብለው ራሳቸው ወጡበት። ለገና ሰማንያ ነበሩ። ዘጠና አንድ! ሆዳቸውን አዩ፣ ሳህኑን አዩ።
"እንግዲህ እንጨቱን ከላይ ጫካ ድረስ ወጥቶ የሚያይልኝ ማነው? እኔ እንደሆን ደጄን መውጣትም አቅቶኛል። ዳገት የለመደ አማች ይሻለኛል። ውሰዳት።"

ግንቦት 4
ካገባን ሳምንት አለፈን። አካሉ ጋሽ ኢዶሳን በየቀኑ ዳገት እንዲወጡ አዘዛቸው። እምቢ ብለው ነበር፤ ኢፍቱ መላ አገኘች። እኔ የድንቹን ሳህን ይዤ እቀድማለሁ፣ እሳቸው ይከተላሉ።
ዛሬ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ደርሼ ተቀመጥኩ። ከታች "ቆይ! አንተ ልጅ፣ ቆይ!" ይላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሳህን በላሁ።