ቀይዋን መኪና እርሳት

ሚሊዮን፣

ሐዋሳ ሄጃለሁ። ጽሑፌ ካስቸገረህ ስለቸኮልኩ ነው። ቁልፉ እትዬ መሰለች ጋ አለ። ዛሬ ውሃ ይመጣል ተብሏል፣ በርሜሉን ሙላው፤ ባለፈውም ተራው ያንተ ነበር።

አሁን እንዳትጮህ። ለሠርግህ የመረጥካትን ቀይ የስፖርት መኪና ትቼ፣ ጣሪያዋ የሚከፈተውን አሮጌዋን ልከራይልህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ። ቀይዋ እኮ ውሸቷን ነው! አሮጌ ታክሲ ላይ ቆርቆሮ አልብሰው ነው የሠሯት፤ የኋላ መብራቷን ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። ክፍቷ ግን ብታረጅም የእውነት ናት። ሞተሯ ሲነሳ ሆዴ ውስጥ ከበሮ ተመታ! ሀሴት ቬሏ እየተውለበለበ በመናኸሪያው ስታልፍ ዲላ በሙሉ ሥራ ይፈታል።

አልደብቅህም፣ ጣሪያዋ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋም ይላል። ዝናብ ከመጣ ብዬ ዱመርሶ ላሉት አጎትህ ደውዬ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል እንዲያስቆርጡልን ነግሬያቸዋለሁ። ሙሽራው በሱፍ፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል! ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን እንደ እብድ እየሳቅኩ ነው።

ሳልጠይቅህ መወሰኔ... ይሁን፣ ስመለስ ትቆጣኛለህ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ቀይዋ ሁለት ወንበር ብቻ እንዳላት አይተሃል? አንተ ትነዳለህ፣ ሀሴት አጠገብህ ትቀመጣለች። እሺ።

እኔ አንደኛ ሚዜህ የት ልቀመጥ ነበር?

ዚያድ