አበልጄ የተረጎመልኝ ሳል

ኅዳር ፮፣ ከማኅሌት መልስ
ዜማው መሃል ላይ ትንፋሼ አለቀ። ያውም በቁስቋም ዕለት። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝና ተቀብለው ጨረሱልኝ። ጠጥቶ ነው ያሉም አሉ። ጠብታ አልቀመስኩም። ሳሉ ደረቅ ነው፣ አክታ የለው። የቤ/ክኑን ዳገት ድሮ እያዜምኩ ነበር የምወጣው። ዛሬ እየተቀመጥኩ ወጣሁት።

ኅዳር ፯
አዘዞ፣ ሥራ። አሚያንቶ የሚሉትን ጥጥ መሳይ ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር ለውሰው የሠሩትን የጣሪያ ክዳን በመጋዝ እንቆርጣለን። በሩ ዝግ። ብናኙ እንደ ዱቄት ሽፋሽፍታችን ላይ ያርፋል። ጣሊያኑ አለቃ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ በመስኮት ብቻ ያየናል። ሽታችንን ተጠይፎ ነው እያልን ስናማው ኖርን።

ኅዳር ፰
ጣሊያን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የወሰደኝ አበልጄ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት፣ የሥራው አስተርጓሚ። እግዜር ይስጠው። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ ያበጡትን የጣቶቼን ጫፎች አገላበጠ፣ ብዙ ተናገረ፣ ተቆጣም። አበልጄ ሲተረጉመው አጭር ሆነ፤ ብርድ ነው፣ ማር ብላ፣ ሥራህን አትተው። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሚስቴ ማር አመጣች።

ኅዳር ፲
 የማኪናው ሹፌር፣ የሐማሴን ሰው፣ ጣሊያንኛ ያውቃል። ሐኪሙ ዘንድ ያደረሰን እሱ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። ዛሬ ስቆርጥ ሲያየኝ ደነገጠ። ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው አለኝ። ብናኙ ሳንባዬ ገብቷል፣ አይወጣም፣ መድኃኒትም የለው። ዛሬውኑ ካልተውኩ እየባሰብኝ ይሄዳል። አብረውኝ የሚቆርጡትም ይመርመሩ ብሏል።
ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው። ምን በደልኩት?

ኅዳር ፲፩፣ ጧት
አበልጄ ቤት ሄድኩ። አልካደም። ሠራተኛ ሲጎድል ተጠያቂው እሱ ነው አለ። አፌን ከዘጋሁ ዘበኛ ያስደርገኛል። ሌሎቹ ግን ይቁረጡ። «ምነው፣ አበልጅ አይደለን?» አለኝ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይኸ ነው።

ከሰዓት
ሚስቴ ዘበኝነቱን ተቀበል ትላለች። ተናግረህ ጣሊያኖቹ ቢያስሩህ ልጁን ማን ያሳድገዋል አለች። እውነቷን ነው። እኔም ፈርቻለሁ።
ነገ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነው። ቆራጮቹ ሁሉ ማኅበርተኞች ናቸው፣ እሱም አይቀርም። ማንም እንዳይቀር ላክሁባቸው። ጸሎቱ እንዳለቀ ተነሥቼ፣ ጽዋው ፊት፣ ሐኪሙ ያለውን እንደገና ተርጉምልን እለዋለሁ። ከዋሸ እኔ ራሴ ሹፌሩ የነገረኝን ለሁሉም እናገራለሁ።