የሰጠሁት የጸሎት ርዕስ

ሆሳዕና፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ውድ መምህርቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎስ? የስዊድን ብርድ የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት አጥንት እንዴት እንደሚያደርግ ሳስብ እጨነቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። የእርስዎ ጥፋት ነው!

ደብዳቤዎ በትምህርት ቤቱ በኩል ደረሰኝ። እጅዎ ቢንቀጠቀጥም አማርኛዎ አልጠፋም። ከመሞትዎ በፊት አንድ ነገር ማወቅ እንደሚፈልጉ ጽፈዋል፦ የቤተ ሙከራው ጠባቂ ቲቶ ለምን አሳልፎ እንደሰጠዎት። ቁልፉ በእሱ እጅ ብቻ ስለነበር፣ እሱ ነው ብለው አርባ ሰባት ዓመት ኖረዋል። የጻፈልዎትን ሁለት ደብዳቤም ሳይከፍቱ መልሰዋል።

መምህርቴ፣ ቲቶ አይደለም። እኔ ነኝ።

ይኸው፣ አወጣሁት።

ያን ከአሮጌ ሬዲዮና ከብርጭቆ ቱቦ የሠሩትን ሳጥን ያስታውሱታል? ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሲቆጥር እኛ ደብተር ላይ እንመዘግብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቲቶ ተሸክሞት የዶዮገናን ዳገት ወጣን። ከፍ ባልን መጠን ጨረሩ ይበዛል እንዳሉት ቁጥሩ ከሆሳዕናው ሲበልጥ እርስዎ እንደ ልጅ ዘለሉ። ቆሎ እየቆረጠምን ታሪክዎን የነገሩንም ያን ቀን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እናትዎ ለአንድ ገበሬ አደራ ሰጥተውዎት ሄደው አልተመለሱም። እዚያው ሀገርዎ፣ ዋርሶ ላይ ተምረው ዶክተር ከሆኑ በኋላ ደግሞ አይሁድ ስለሆኑ ብቻ ከሥራ አባረሩዎት፤ ዜግነትዎን ቀምተው የመውጫ ወረቀት ሰጡዎት። እዚህ ግን ማንም አያባርረኝም ብለው ሳቁ።

እኔ አላስቻለኝም። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ተዘግቶ ስለነበር ሐሙስ ሐሙስ በእትዬ ፋንታዬ ቤት ተደብቀን እንጸልይ ነበር። የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል ብድግ አልኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ አፌ መቼ ያርፋል! በዘሯ ምክንያት ከሀገሯ የተባረረችውን፣ ሳጥኗ ከሰማይ የሚመጣውን የሚሰማላትን መምህሬን ጌታ ይጠብቅልኝ አልኩ። ሁሉም አሜን አለ። ከአሜን ባዮቹ አንዱ ለቀበሌ ወሬ አቀባይ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ታጣቂዎች ሳጥኑን የሬዲዮ መገናኛ፣ እርስዎን ሰላይ ብለው መጡ። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ከሀገር ይውጡ ተባሉ። ሁለተኛው ስደትዎ፣ በእኔ ጸሎት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቲቶን በር ላይ ከታጣቂዎቹ ጋር ቆሞ ያዩት ተይዞ ነው። እንደሚመጡ ሰምቶ፣ ከመድረሳቸው በፊት ሳጥኑን ከእናቱ እንሰት ሥር ቀብሮት ነበር። ሳጥኑ የት አለ ሲሉት አላውቅም፣ ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነበር እያለ አምስት ወር ታሰረ። እዚያ የመቱት ግራ እግሩ እስከ ዛሬ አልዳነም።

ከተፈታ በኋላ እኔን አገባኝ። አዎ፣ የቲቶ ሚስት ነኝ። አራት ልጆች ወልደናል። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ጉባኤ ላይ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል አንገቴን እደፋለሁ፤ እሱም አይቶ በእኔ ፈንታ ብድግ ይላል። ልነግረው አፌን ስከፍት ያቺ የምታነክስ እግሩ ትታየኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ፊቱን ቢያዞርብኝ ምን እሆናለሁ? ፈራሁ፣ መምህርቴ። እርስዎም እሱን እየጠሉ አረጁ፤ ይህ በእኔ ፍርሃት የመጣ ነው። ይቅር ይበሉኝ። እኔን ባይሉኝም እሱን ይታረቁት።

ነገ ፖስታ ቤት የሚሄደው ቲቶ ነው። ፖስታውን ሳላሽግ እሰጠዋለሁ፣ አንብበህ አሽገው ብዬ። ፊት ለፊት ለመናገር አሁንም ወኔ አጣሁ። ከታች ቦታ ትቼለታለሁ። ቦታው ባዶ ሆኖ ከደረሰዎት ፊቱን እንዳዞረብኝ ይረዱታል።

የአባቶችዎ አምላክ መውጣትዎንና መግባትዎን ይጠብቅ። ያሳደደዎትን ሁሉ ያስረሳዎት።

አፏ ያላረፈው ተማሪዎ

መምህርት፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሳጥኑ ደህና ነው፤ በየዓመቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ወሬው ከማን ጸሎት እንደወጣ መርማሪው ያኔውኑ፣ እስር ቤት ሳለሁ ነግሮኛል። ደብዳቤውን ያሸግሁት እኔ ነኝ። ቲቶ።