ከሰማያዊው ሥር ያለው ቀይ

ውድ ሉበና፣

አሰላሙ አለይኩም። የድምፅ መልእክት ላኪልኝ ብለሽ ነበር፤ አልወደውም፤ ሰው የተናገረውን ሳያርም ይልካል። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ ዛሬውኑ እዚሁ ጄኔቫ፣ ሰፈሬ ኦኔ ካለው ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ።

እሑድ ደውለሽ «ሴ ፊኒ፣ እማማ! አለቀልኝ!» ስትዪኝ፣ «ቋንቋ አትደባልቂ፤ በአንዱ አልቅሺ» አልኩሽ። እንባሽ ሳይደርቅ ሳቅሽ። ያን ጊዜ ነው እኔም አረፍ ብዬ የተቀመጥኩት።

በትክክል ተረድቼሽ እንደሆነ ልድገመው። ጓቲማላ ካለ ማያ የሚባሉ የጥንት ሕዝቦች ሕንፃ የተወሰደ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ የልስን ቁራጭ ሰጡሽ። ፕሮፌሰርሽ በላዩ ያለው ሰማያዊ ቀለም የጥንቶቹ ነው እያሉ ለዓመታት አስተምረዋል። አንቺ ስትመረምሪው ግን የፋብሪካ ቀለም ሆኖ አገኘሽው፤ ግድግዳውን ያደሰ ሰው በቅርብ ዘመን የቀባው። ሐሙስ ውጤቱን በእሳቸውና በባልደረቦቻቸው ፊት ታቀርቢያለሽ። «ዝም ብልስ? ማንም አያውቅም እኮ» አልሽኝ።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄ።

ደሴ ስማር የስፌት መምህራችን ወይዘሪት ኂሩት የተጣመመ ስፌት ካዩ ከላዩ አያስደርቡንም ነበር። «ፍቺው» ይሉናል፤ እያለቀስን እንፈታለን። ጄኔቫ መጥቼ በልብስ ጥገና ስተዳደር የያዘኝ ያ ትእዛዝ ነው። ስፌቱ ይፈታል እንጂ ጨርቁ እንዳለ ነው።

የአንቺም ጨርቅ አለ። ባለፈው ወር ዙሪክ መጥቼ ላብራቶሪሽ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያሳየሽኝን አልረሳሁም፤ ከሰማያዊው ሥር ነጭ ኖራ፣ ከኖራው ሥር ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ። «ይሄስ?» ብልሽ፣ «እሱ ቀይ አፈር ነው፤ የጥንቶቹ የራሳቸው ነው። ግን ስለሱ ማንም አልጠየቀኝም» አልሽ።

እኔ ጠየቅሁሽ እኮ! እኔ ሰው አይደለሁም?

ሐሙስ ስለ ሰማያዊው ሳትሸፋፍኚ ተናገሪ። ከዚያ ቀዩን አሳዪያቸው። ፕሮፌሰሩ ሊቆጡ ይችላሉ፤ ይቆጡ። ሲበርድላቸው የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል።

አድሊስቪል ካለችው ክፍልሽ ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ። እኔም በጠዋቱ ባቡር መጥቼ ከምታቀርቢበት ሕንፃ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ቢያጨበጭቡልሽም ባያጨበጭቡልሽም ምሳ አብረን እንበላለን። ስትወጪ የሆነውን ሁሉ እዚያው ንገሪኝ፤ የዚያን ዕለት ብቻ ቋንቋ ብትደባልቂ አላርምሽም።

በር ላይ የምትጠብቅሽ አያትሽ፣
ሀቢባ